ከአምቦ ምንጭ እስከ ባኮ ሜዳ፦ ልዩ ልዩ ካፒታል በአንድ ኩባንያ ውስጥ

አክሲዮን ማህበር የማይመሳሰሉ ሀብቶች በአንድ ስም ሥር የሚገናኙበት ተቋም ነው። አንዱ ጥሬ ገንዘብ ይዞ ይመጣል፤ ሌላው ማሽን፣ ሕንፃ ወይም የሊዝ መብት ያስገባል። መንግሥት ፈቃድ ይሰጣል፤ መሬቱንና ውሃውን እንዲጠቀምበትም ይፈቅዳል። ባንክ የአስቀማጮቹን ገንዘብ ያበድራል። ሠራተኛው ሙያውን፣ ሸማቹ ደግሞ በምርቱ ላይ ያለውን እምነት ያመጣል። ሁሉም በሰፊው ትርጉም ካፒታል ናቸው፤ ዛሬ ተይዘው የነገን ምርት ያስገኛሉና። በኩባንያው መዝገብ ላይ ግን እኩል አይታዩም። አንዳንዶቹ አክሲዮን ይሆናሉ፣ አንዳንዶቹ ዕዳ ተብለው ይጻፋሉ፣ የቀሩት ጭራሹን አይመዘገቡም። ያልተመዘገበው ሀብት ግን ሥራውን አያቋርጥም፤ ባለቤቱ ሲከፋው ወይም ምንጩ ሲጎድል ኩባንያውን የሚያናጋውም ብዙ ጊዜ እሱ ነው።

የሂሳብ ባለሙያዎች ዝርዝሩን መልክ ለማስያዝ ሞክረዋል። ዓለም አቀፉ የተቀናጀ ሪፖርት ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጣው ማዕቀፍ ስድስት ዓይነት ካፒታል ይቆጥራል፦ የገንዘብ፣ የተመረተ (ማሽን፣ ሕንፃ፣ መንገድ)፣ የእውቀት፣ የሰው፣ የማኅበራዊ ግንኙነትና የተፈጥሮ። ከዚያ ቀደም ብሎ ፈረንሳዊው የማኅበረሰብ ጥናት ምሁር ፒየር ቡርድዩ ትምህርትና ትውውቅ እንደ ገንዘብ እንደሚከማቹ፣ አንዱም ወደ ሌላው ሊለወጥ እንደሚችል፣ ለውጡ ግን ጊዜና ድካም እንደሚጠይቅ ጽፏል። ነገሩ በተጨባጭ ሲታይ ይበልጥ ይገባል፤ ለዚህም ምዕራብ ሸዋ ከብዙ ቦታ ይልቅ ይመቻል።

ከአምቦ ወደ ነቀምቴ በሚወስደው መንገድ፣ ጌዶ ከታለፈ በኋላ ባኮ ሳይደረስ፣ የኢሉ ገላን ወረዳ ከተማ እጃጂ ትገኛለች። ዙሪያዋ የበቆሎና የጤፍ አገር ነው። በሬ በሚጠመድበት በዚህ ዓይነቱ አገር ሁሉ ሀብትን ማቀናጀት የቆየ ልማድ ነው። አንድ በሬ ብቻ ያለው ገበሬ ከመሰል ጎረቤቱ ጋር መቀናጆ ይገባል፤ ሁለቱ በሬዎች በአንድ ቀንበር ተጠምደው የሁለቱንም ማሳ በየተራ ያርሳሉ። መሬት ኖሮት ጉልበት ያነሰው ለእኩል ወይም ለሲሶ ያሳርሳል። ዘሩን ማን እንደሚያወጣ፣ ማዳበሪያውን ማን እንደሚችል አስቀድመው ይነጋገራሉ፤ አዝመራው ሲሰበሰብ አውድማው ላይ እንደ ውላቸው ይካፈላሉ። መሬት፣ ከብት፣ ዘርና ጉልበት እያንዳንዱ የታወቀ ድርሻ አለው። በዚህ በኩል ልማዱ ከዘመናዊው ኩባንያ ይልቅ ፍትሐዊ ነው ማለት ይቻላል፤ ጉልበት ራሱ ባለድርሻ ነውና።

ጉድለቱ ዕድሜው ማጠሩ ነው። ውሉ ለአንድ ክረምት ወይም ለጥቂት ዓመታት ይጸናል። በሬ ከሞተ ወይም ከተጣሉ ይፈርሳል፤ የሩቅ ሰው ሊገባበት፣ የገባውም ድርሻውን ሸጦ ሊወጣ አይችልም። አክሲዮን ማህበር እነዚህን ችግሮች በአራት መንገድ ይፈታል። ከአባላቱ የተለየ የሕግ ሰውነት አለው፤ ስለዚህ አባል ቢሞት እሱ አይሞትም። ባለአክሲዮን ባዋጣው ልክ እንጂ በቤቱ ባለው ንብረት አይጠየቅም። ድርሻው በእኩል ዋጋ ተቆራርሶ ወደ ሌላ ሰው ይተላለፋል። አስተዳደሩ ደግሞ ከባለቤትነቱ ተለይቶ ለዳይሬክተሮች ቦርድና ለሥራ አስኪያጅ ይሰጣል። ከማይተዋወቁ ሺህ ሰዎች ላይ ገንዘብ ማሰባሰብ የሚቻለው በእነዚህ አራት ነገሮች ነው።

በኢትዮጵያ ጉዳዩን ለ60 ዓመታት ያህል ሲገዛ የኖረው የ1952 ዓ.ም. የንግድ ሕግ ነው። ማርቀቁን የጀመሩት ፈረንሳዊው የሕግ ሊቅ ዣን ኤስካራ ሲሆኑ፣ እሳቸው ሲሞቱ አልፍሬድ ዦፍሬ ፈጽመውታል። በዚያ ሕግ አክሲዮን ማህበር ለማቋቋም ቢያንስ አምስት ሰዎችና 50 ሺህ ብር ያስፈልግ ነበር። በ2013 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1243 የወጣው ሕግ ቀድሞ ያልነበረውን የአንድ ሰው ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማህበር ጨምሮ ብዙ አዲስ ነገር አምጥቷል፤ መዋጮ ወደ አክሲዮን የሚለወጥበት መሠረታዊ መርህ ግን ብዙም አልተናወጠም።

በመርሁ መሠረት ገንዘብ በቀላሉ ይቆጠራል። ማሽን፣ መኪና፣ ሕንፃ ወይም የፈጠራ መብት ሲገባ ግን በዓይነት የተደረገ መዋጮ ይባልና ዋጋው በባለሙያ መገመት አለበት። የጥንቃቄው ምክንያት ግልጽ ነው። አንድ መሥራች ገበያ ላይ 1 ሚሊዮን ብር የሚያወጣ አሮጌ ወፍጮ አምጥቶ በ3 ሚሊዮን ብር ቢያስመዘግብ፣ በጥሬ ገንዘብ የገቡት ሰዎች ድርሻ በሐሰት ያንሳል፤ የኩባንያውን ካፒታል አይቶ ያበደረውም ይታለላል። የብዙ ጀማሪ ማህበራት ጠብ የሚጀምረው ከዚህ ግምት ነው። ሙያና ጉልበት በሽርክና ማህበር ውስጥ እንደ መዋጮ ሊቆጠሩ ሲችሉ፣ በአክሲዮን ማህበር ውስጥ ግን የካፒታሉ አካል አይሆኑም። አበዳሪ ሊይዘውና ሊሸጠው የማይችለው ነገር መተማመኛ አይሆንም በሚል ነው። ስለዚህ ሠራተኛው በደመወዝ በኩል ብቻ ይገባል፤ ሃያ ዓመት ያካበተው እውቀት ድርጅቱን ቢያቆመውም የትርፍ ድርሻ አያስገኝለትም።

የመሬት ነገር የራሱ መንገድ አለው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 መሬትና የተፈጥሮ ሀብት የመንግሥትና የሕዝብ መሆኑን፣ እንደማይሸጥ እንደማይለወጥም ደንግጓል። ስለዚህ ወደ ኩባንያ ሊገባ የሚችለው መሬቱ ሳይሆን የመጠቀም መብቱ ነው። የከተማ ሊዝ አዋጅ ቁጥር 721/2004 የሊዝ መብት በካፒታልነት እንዲዋጣ የሚፈቅደው በተከፈለው የሊዝ ገንዘብ ልክ ነው። በገጠርም አዋጅ ቁጥር 456/1997 ገበሬው በይዞታ መብቱ ከባለሀብት ጋር በውል በጋራ እንዲያለማ ይፈቅድ ነበር። ይህ አንቀጽ መሬቱን የሚሰጠውን ሰው የኩባንያው ባለድርሻ ሊያደርግ የሚችል በር ነበር። የተለመደው መንገድ ግን ሌላ ሆነ፦ መንግሥት ይዞታውን ያስለቅቃል፣ ገበሬው ካሣ ይቀበላል፣ ባለሀብቱ ከመንግሥት ይከራያል። ካሣ አንድ ጊዜ ይከፈልና ያልቃል፤ አክሲዮን ግን በየዓመቱ ይወልዳል። የሁለቱ ልዩነት በአንድ ቤተሰብ ሕይወት ውስጥ የትውልድ ልዩነት ነው።

ዕዳም ከኩባንያ ካፒታል ትልቁን ክፍል ይይዛል። የኢትዮጵያ ልማት ባንክ የአበባ እርሻዎችን ሲደግፍ ባለሀብቱ 30 በመቶ እንዲያወጣ፣ ባንኩ 70 በመቶ እንዲያበድር የሚለው ስሌት ታዋቂ ነበር። በሆለታና በአካባቢው የተተከሉት የጽጌረዳ እርሻዎች የዚያ ዘመን ፍሬዎች ናቸው። በዚህ ድርሻ ባለሀብቱ ባወጣው 30 ብር 100 ብር ያሠራል። እርሻው 20 ብር ቢያተርፍና የብድሩ ወለድ 7 ብር ቢሆን፣ የተረፈው 13 ብር ለ30 ብሩ ከ40 በመቶ በላይ ይሆንለታል። 20 ብር ከከሰረ ግን ወለዱ ተደምሮበት 30 ብሩ ወደ 3 ብር ይወርዳል። አበዳሪው በትርፉ አይካፈልም፤ ግን ኩባንያው ሲፈርስ በመያዣው ይቀድማል። ባለአክሲዮን መጨረሻ ላይ የቀረውን ይወስዳል፤ ብዙ ጊዜም የሚቀር ነገር የለም። ጠቅላላ ጉባኤው ላይ ድምፅ የሚሰጠው ባለአክሲዮኑ የሆነው በዚህ ምክንያት ነው፤ ከሁሉ የበለጠ አደጋ ላይ ያለው እሱ ነው ተብሎ ይታሰባል። የሠራተኛውና የጎረቤቱ አደጋ ግን በዚህ ስሌት ውስጥ ቦታ የለውም።

ከዚህ ሁሉ ጋር አምቦ ውሃን ማየት ይጠቅማል። በኢትዮጵያ እንደሱ ሁሉንም የካፒታል ዓይነት ባንድ ላይ የሚያሳይ ድርጅት ማግኘት ያስቸግራል።

የመጀመሪያው ካፒታል የተፈጥሮ ነው። በአምቦ አካባቢ ያለው የእሳተ ገሞራ ምድር ውሃውን በማዕድንና በጋዝ ሞልቶ ያወጣዋል። ሌላው ለስላሳ መጠጥ ፋብሪካ በማሽን የሚሠራውን የምድር ሆድ በነፃ ይሠራዋል። ፋብሪካው ባለበት ሰንቀሌ ላይ ከእ.ኤ.አ. 1930 ጀምሮ የተደረገው ይህን ወደ ጠርሙስ ማስገባት ነው። ምንጩ ባለቤት አለው ከተባለ መንግሥትና ሕዝብ ነው፤ ኩባንያው ያለው በፈቃድ የመጠቀም መብት ብቻ ነው።

ሁለተኛው የተመረተው ካፒታል ነው፦ ማጠቢያው፣ መሙያው፣ የጭነት መኪናው፣ ሳጥኑና ጠርሙሱ። ጠርሙሱ የተለየ ትኩረት ይገባዋል። ለአሥርተ ዓመታት አምቦ ውሃ በሚመላለስ ብርጭቆ ጠርሙስ ሲሸጥ ኖሯል። ባለሱቁ ሙሉውን ለመውሰድ ባዶውን ይመልሳል፤ ባዶ ከሌለው ማስያዣ ይከፍላል። በሺህ በሚቆጠሩ ሱቆች፣ ሆቴሎችና ግሮሰሪዎች ጓዳ የተደረደረው ባዶ ሳጥን በጥቂት ብር ማስያዣ የተደገፈ የፋብሪካው ሀብት ነው። ስለዚህ የሰፈር ነጋዴው ሳይታወቀው ለፋብሪካው የሥራ ማስኬጃ ያዋጣል። ሽያጩ እንዲቀጥል ያደረገውም የእነዚህ ነጋዴዎች መረብ ነው።

ሦስተኛው ስሙ ነው። ሥጋ የበላ ሰው “አምቦ አምጪልኝ” ሲል፣ ሆዱን ያመመው አምቦ ሲያስገዛ፣ ይህ በማስታወቂያ ብቻ ሊገነባ የማይችል ልማድ ነው። ስሙ የከተማዪቱ ነው፤ ልማዱን የፈጠሩት በየዘመኑ የጠጡት ሰዎች ናቸው። የሂሳብ አያያዝ ሕግ ግን በዚህ ላይ ጥብቅ ነው። ኢትዮጵያ በአዋጅ ቁጥር 847/2006 በተቀበለችው ዓለም አቀፍ የፋይናንስ ሪፖርት ደረጃ መሠረት፣ ድርጅት በራሱ ያሳደገውን የንግድ ስም ሀብት ብሎ መዝገብ ላይ ማስፈር አይችልም። ስሙ ዋጋ አግኝቶ የሚታየው ሌላ ሰው ድርጅቱን ገዝቶ ከማሽኑና ከሕንፃው በላይ ሲከፍል ነው። ያ ትርፍ ክፍያ በገዢው መዝገብ ላይ የንግድ ስም ወይም መልካም ዝና ተብሎ ይጻፋል።

አምቦ ላይ ይህ ጊዜ የመጣው እ.ኤ.አ. በ2009 ነው። በደርግ ዘመን በመንግሥት እጅ የነበረው ፋብሪካ ከዚያም በኋላ ለዓመታት የመንግሥት ሆኖ ቆይቶ፣ በዚያ ዓመት ከደቡብ አፍሪካ ተነስቶ የዓለም ኩባንያ የሆነው ኤስኤቢሚለር ከአገር ውስጥ ባለሀብቶች ጋር ገባበት፤ መንግሥትም ድርሻ ይዞ ቀጠለ። እዚህ ላይ ሦስት ዓይነት ገንዘብ በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀመጠ፦ የውጭ፣ የአገር ውስጥ የግልና የመንግሥት። የውጭው አካል ከገንዘቡ ጋር የአስመራረትና የአሻሻጥ እውቀት ይዞ መጣ። የአገር ውስጡ ገበያውንና ቢሮውን ማወቁን አመጣ። መንግሥት ምንጩንና ፈቃዱን ያዘ። የተገዛው ነገር ምን እንደነበር ሲጠየቅ፣ ምንጩ አይሸጥም፤ ማሽኑም በአዲስ ሊተካ ይችላል። ዋናው ዋጋ የነበረው በስሙና በመረቡ ላይ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2016 ደግሞ ኤቢ ኢንቤቭ የተባለው የዓለም ትልቁ ቢራ ጠማቂ ኤስኤቢሚለርን ራሱን ከ100 ቢሊዮን ዶላር በላይ ከፍሎ ጠቀለለው። ሰንቀሌ ያለ ሠራተኛ በማለዳ ያንኑ በር ይገባል፣ ያንኑ ጠርሙስ ይሞላል፤ ከእሱ በላይ ያለው የባለቤትነት ሰንሰለት ግን በሌላ አህጉር በተፈረመ ወረቀት ይለወጣል። አክሲዮን በቀላሉ ስለሚንቀሳቀስ ገንዘብ ለመሳብ ይመቻል። ውሃው፣ ከተማዪቱና ነዋሪዋ ግን ባሉበት ናቸው። ሦስቱም ለኩባንያው ዋጋ መሠረት ሆነው ሳለ አንዳቸውም በባለአክሲዮኖች መዝገብ ላይ ስም የላቸውም። ከተማዪቱ የምታገኘው በደመወዝና በግብር መልክ የሚመጣውን ነው። ይህ በቂ ነው ብሎ ማለፍ ይከብዳል፤ ስሟን ያዋሰች ከተማ ትንሽም ቢሆን በስሟ ድርሻ ቢኖራት ከሕግም ከሂሳብም የሚያግድ ነገር አይታይም።

ከእጃጂ ወደ ምዕራብ ትንሽ እንደተሄደ ያለው የባኮ ሜዳ ደግሞ የተቃራኒው ምሳሌ ነው። መቀመጫው ባንጋሎር፣ ሕንድ የሆነው ካሩቱሪ ግሎባል እ.ኤ.አ. በ2007 በኬንያ ናይቫሻ ትልቅ የጽጌረዳ እርሻ ገዝቶ ከዓለም ቀዳሚ የጽጌረዳ አምራቾች አንዱ ሆኖ ነበር። በ2008 በባኮ 11 ሺህ ሄክታር ገደማ ተከራየ፤ በጋምቤላ ደግሞ 100 ሺህ ሄክታር፣ ወደ 300 ሺህ ሊያድግ የሚችል፣ ተዋዋለ። በወረቀት ላይ ካፒታሉ ሁሉ የተሟላ ይመስል ነበር። ከሕንድ የአክሲዮን ገበያና ከአበዳሪዎች የመጣ ገንዘብ፣ እጅግ ርካሽ መሬት፣ ትራክተር፣ የመንግሥት ድጋፍ፣ በአበባ የተገኘ ዝና ነበረው።

የጎደለው በመዝገብ የማይታየው ነበር። በመስታወትና በላስቲክ ቤት ውስጥ ጽጌረዳ የማሳደግ እውቀት በጊቤ ተፋሰስ በክረምት ውሃ በሚተኛበት ሜዳ ላይ በቆሎ የማምረት እውቀት አይሆንም። እ.ኤ.አ. በ2011 የባሮ ወንዝ ሞልቶ በጋምቤላ ያለውን በቆሎ አጠፋበት። ባኮ ላይ ደግሞ ሜዳው ባዶ አልነበረም፤ የአካባቢው ሰው ከብቱን የሚያሰማራበት ነበር፤ ግጦሹ ሲታጠር የጎረቤት ቅሬታ ከመጀመሪያው አብሮት አደገ። በ2014 የኬንያው ድርጅት በአበዳሪው ጥያቄ በባለአደራ እጅ ወደቀ፤ በ2015 መጨረሻ የኢትዮጵያ መንግሥት የጋምቤላውን ውል አቋረጠ። የተበደረ ገንዘብ ጊዜ አይሰጥም፤ መሬትን ለማወቅና ከጎረቤት ጋር ለመስማማት ግን ጊዜ ያስፈልጋል። ወለዱ እየቆጠረ ሁለቱን መጠበቅ አልተቻለም።

እዚያው ባኮ ውስጥ ግን ሌላ ዓይነት ካፒታል በዝግታ ሲጠራቀም ኖሯል። የባኮ ግብርና ምርምር ማዕከል ያወጣቸው ቢኤች-660 እና ቢኤች-540 የተባሉ የበቆሎ ድቅል ዝርያዎች እ.ኤ.አ. በ1993 እና በ1995 ተለቀቁ፤ “ቢኤች” ማለት የባኮ ድቅል ማለት ነው። ቢኤች-660 በእርጥብ የበቆሎ አገር ለረጅም ጊዜ በስፋት ተዘርቷል። ይህ እውቀት የተገኘው በሕዝብ ገንዘብ፣ በተመራማሪዎች የዓመታት ድካምና በገበሬዎች ማሳ ላይ በተደረገ ሙከራ ነው። ከዚያ የዘር ድርጅቶች እያባዙ ሸጡት። ድቅል በቆሎ ከራሱ ምርት ዘር ቢወሰድ ኃይሉ ስለሚቀንስ፣ ገበሬው በየዓመቱ አዲስ ዘር ይገዛል፤ በዚህም እውቀት ወደ ቋሚ ገበያ ይለወጣል። እንደ ፓዮኒር ያሉት ኩባንያዎች “ሾኔ” እና “ሊሙ” የመሳሰሉትን የራሳቸውን ድቅሎች ይዘው የገቡት ወደዚህ ገበያ ነው። ልዩነታቸው በባለቤትነቱ ላይ ነው። የወላጅ ዝርያዎቹን የያዘ የዘሩን ዋጋ ይወስናል።

እውቀት በውል ሊዋስና ቀስ በቀስ የራስ ሊደረግ እንደሚችል የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከማንም በተሻለ አሳይቷል። በታኅሣሥ 1938 ዓ.ም. ሲመሠረት ከአሜሪካው ቲደብሊውኤ ጋር በተደረገው ስምምነት መሠረት መንግሥት ካፒታሉን ሲያወጣ፣ አሜሪካዊው ድርጅት አስተዳደሩን፣ አብራሪዎቹንና ጥገናውን ያዘ። የመጀመሪያው በረራ መጋቢት 1938 ዓ.ም. በአስመራ በኩል ወደ ካይሮ ተደረገ። አክሲዮኑ ከመጀመሪያው የኢትዮጵያ ነበር፤ የተዋሰችው እውቀቱን ነው። ትምህርት ቤት ተቋቁሞ ኢትዮጵያውያን አብራሪዎችና መካኒኮች እየተተኩ ሄዱ፤ እ.ኤ.አ. በ1971 ኮሎኔል ሥምረት መድኃኔ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ዋና ሥራ አስኪያጅ ሆኑ። ሃያ አምስት ዓመት የወሰደ ልወጣ ነው። ባለቤትነቱን ይዞ እውቀትን መዋስ፣ እውቀት ባለውና ባለቤትም በሆነ የውጭ ድርጅት ሥር ከመሥራት የተለየ ውጤት ይሰጣል።

የምድር ባቡሩ ታሪክ ሌላውን መንገድ ያሳያል። ዳግማዊ ምኒልክ እ.ኤ.አ. በ1894 ለስዊሱ አማካሪያቸው ለአልፍሬድ ኢልግ የሰጡት የ99 ዓመት ፈቃድ የመንግሥት ካፒታል ነበር፦ መንገድ የመሥራትና የመጠቀም ብቸኛ መብት። ገንዘቡ ግን ከፈረንሳይ ቆጣቢዎች ይጠበቅ ነበር፤ እሱ ሲያንስ የእንግሊዝ ባለገንዘቦች ገቡ። እነሱ ሲገቡ የፈረንሳይ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1902 ድጎማ ሰጥቶ ኩባንያውን ወደ ራሱ ሳበ፤ ምኒልክንም ፈቃዱ ለሌላ መንግሥት መሣሪያ መሆኑ አስቆጣቸው። በዚያው ዓመት ሐዲዱ ድሬዳዋ ደረሰና ለዓመታት ቆመ። የመጀመሪያው ኩባንያ በ1907 ከሰረ፤ አዲስ አበባ የተደረሰው በሌላ ኩባንያ በ1917 ነው። ገንዘቡ ከየት እንደሚመጣ ከገንዘቡ መጠን ባላነሰ ወሳኝ ነበር።

መተማመን ወደ ገንዘብ ሲለወጥ ደግሞ ባንኮች ላይ ይታያል። ምንጩ ምዕራብ ሸዋ ውስጥ ከግንጪ አጠገብ ባለው ደጋ በሚገኘው ወንዝ ስም የተጠራው አዋሽ ባንክ በ1987 ዓ.ም. ሲመሠረት 486 ባለአክሲዮኖች 24.2 ሚሊዮን ብር ከፍለው ነበር። ከደርግ በኋላ የመጀመሪያው የግል ባንክ ነበርና ሰዎቹ ያመኑት የተፈተነ ተቋም ሳይሆን እርስ በርሳቸውን ነው። በጥር 1967 ዓ.ም. 72 ኩባንያዎች በአዋጅ ሲወረሱ አክሲዮን የያዙ ሰዎች ወረቀት ብቻ ታቅፈው እንደቀሩ አገሩ ገና አልረሳም። ያ ፍርሃት ተሸንፎ ገንዘቡ የወጣው በዝምድና፣ በአገር ልጅነትና በንግድ ትውውቅ አማካይነት ነው። የኦሮሚያ ህብረት ሥራ ባንክ በ1997 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ይህን ወደ ገበሬው አወረደው። በኃይሌ ገብሬ መሪነት የተመሠረተው ይህ ባንክ የገበሬዎች የህብረት ሥራ ማህበራትና ዩኒየኖች እንደ ማህበር አክሲዮን የገዙበት ነው። እጃጂ አካባቢ ያለ ገበሬም በመሠረታዊ ማህበሩ በኩል በዚህ መንገድ የባንክ ባለድርሻ ሊሆን ይችላል።

እዚህ ላይ ሁለት የድምፅ ሥርዓቶች ይጋጠማሉ። በህብረት ሥራ ማህበር ውስጥ አንድ አባል አንድ ድምፅ ነው፤ ትርፉም በዋነኛነት አባሉ ከማህበሩ ጋር ባደረገው ግብይት መጠን ይከፋፈላል። በአክሲዮን ማህበር ውስጥ ድምፁም ትርፉም አክሲዮኑን ይከተላል። ማህበሩ የባንክ አክሲዮን ሲገዛ ገበሬው በአንደኛው ሥርዓት የተመረጠ ወኪል ልኮ በሁለተኛው ሥርዓት ያስወስናል። ቀደም ሲል የነበረው የባንክ ሕግ ከመንግሥት በቀር ማንም ከ5 በመቶ በላይ አክሲዮን እንዳይዝ መከልከሉ ጥቂቶች እንዳይውጡት ይጠብቅ ነበር፤ ብዙ ትናንሽ ባለአክሲዮኖች ሲሆኑ ግን ሥራ አስኪያጁን የሚቆጣጠር ጠንካራ እጅ ይጠፋል። ብሔራዊ ባንክ የባንኮችን ዝቅተኛ ካፒታል ወደ 5 ቢሊዮን ብር ከፍ ማድረጉ ደግሞ ሁሉንም ለአዲስ ባለአክሲዮን ፍለጋ ገፋፍቷል።

መተማመን ሲጎድል የሚሆነውንም ምዕራብ ሸዋ አይቷል። በኅዳር 2008 ዓ.ም. ግንጪ ላይ የተጀመረው ተቃውሞ መነሻው ደንና የኳስ ሜዳ ለባለሀብት ተሰጠ የሚል ቁጣ ነበር። በ2007 ዓ.ም. በአዳበርጋ ወረዳ ሙገር ላይ በዓመት 2.5 ሚሊዮን ቶን የማምረት አቅም ይዞ የተመረቀው የዳንጎቴ ሲሚንቶ ፋብሪካ፣ በ2009 መጀመሪያ ሁከቱ ሲስፋፋ መኪናዎቹና መሣሪያዎቹ ተቃጠሉበት። የማኅበራዊ ካፒታል መጉደል የማሽን ካፒታል መቃጠል ሆኖ ወደ ሂሳብ መዝገቡ ገባ።

አሁን የኩባንያ ካፒታል የሚገናኝበት አዲስ መድረክ ተከፍቷል። በጥቅምት 2017 ዓ.ም. ኢትዮ ቴሌኮም 10 በመቶ ድርሻውን፣ ማለትም 100 ሚሊዮን አክሲዮን፣ እያንዳንዱን በ300 ብር ለኢትዮጵያውያን አቀረበ። ትንሹ ግዢ 33 አክሲዮን ማለትም 9,900 ብር ሆኖ በቴሌብር ይፈጸም ነበር። ከ47 ሺህ በላይ ሰዎች 10.7 ሚሊዮን ያህል አክሲዮን ገዙ። በጥር 2017 የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ነዋዮች ገበያ ተከፈተ፤ ወጋገን ባንክ የመጀመሪያው ተመዝጋቢ ሆነ። እስከዚያ አክሲዮን መሸጥ የፈለገ ሰው ዘመድ ወዳጅ እየጠየቀ ገዢ ይፈልግ ነበር፤ ገበያ ሲኖር ዋጋው በየዕለቱ በአደባባይ ይታወቃል።

በአዋጅ ቁጥር 1248/2013 በተቋቋመው የካፒታል ገበያ ባለሥልጣን ሥርዓት፣ ለሕዝብ አክሲዮን የሚሸጥ ኩባንያ የደንበኛ ሳቢ መግለጫ አስመዝግቦ ማውጣት አለበት። በዚያ ሰነድ ውስጥ ከሂሳቡ በተጨማሪ ኩባንያውን የሚያሰጉ ነገሮች ይዘረዘራሉ። የሊዝ ውሉ መቼ እንደሚያበቃ፣ ፈቃዱ በምን ሊነጠቅ እንደሚችል፣ ሥራው በየትኞቹ ባለሙያዎች ላይ እንደተንጠለጠለ፣ በይዞታው ላይ ያለው ክርክርም እዚያ መጻፍ ይኖርበታል። በሂሳብ መዝገብ ቦታ ያጡት ውሃ፣ መሬት፣ ሙያና ጉርብትና በኢትዮጵያ የኩባንያ ወረቀት ላይ ቢያንስ በስጋት መልክ በግዴታ የሚሰፍሩት በዚህ ሰነድ ነው፤ አክሲዮን ሊገዛ የተነሳ ሰውም ከትርፍ ትንበያው በፊት ሊያነበው የሚገባው ክፍል ይህ ነው።